የወንጪ ደሴት፤ ቤተ ሰብ ራሱን መርቶ ስለሚውልበት ቀን

ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ወጪና ስለ ልጆች ጥናት ስንነጋገር ቈይተናል፤ ዛሬ ደግሞ ስለ ዕረፍት ቀን ጥቂት ነገር ለማለት እወዳለሁ። የመንግሥት ሥራ የያዘ ሰው ሳምንቱን በመሥሪያ ቤት ውሎ የዕረፍቱ ቀን በደረሰ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከቀብር ወደ ልቅሶ ቤት፥ ከልቅሶ ቤት ወደ ሰርግ፥ ከሰርግም ወደ ማኅበር ነው። ይህ ሁሉ የሚገባ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋራ አንድ ቀን ሙሉ አንድ ነገር በአንድነት ያዩበት ጊዜ መቼ እንደ ነበረ ቢጠየቁ፥ ለመልሱ ቀጠሮ የሚለምኑት ብዙዎች ናቸው።

በሰበታ የሚኖር አንድ ወዳጄ በቅርብ ቀን እንዲህ ሲል አጫወተኝ። «ልጆቼ ደሴት አሳየን እያሉ ያስቸግሩኛል፤ ዛንዚባር እንዳልወስዳቸው ገንዘቡ የለኝም፤ ጣና እንዳልወስዳቸው ቀኑ አይበቃኝም፤ እንግዲህ ምን ላድርግ?» እኔም፦ «በማለዳ ተነሥተህ ደርሰህ በዚያው ቀን የምትመለስበት ደሴት አለ» አልሁት። እርሱም የምቀልድ መሰለው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንግዲህ በመጀመሪያ ለእርሱ፥ ቀጥሎም እንደ እርሱ ለሚያስቡት ሁሉ ነው።

ወንጪ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፥ በወሊሶና በአምቦ መካከል የሚገኝ ከፍተኛ ተራራ ነው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ሲሆን እሳቱ ከጠፋና አናቱ ወደ ውስጥ ከሰመጠ በኋላ ጕድጓዱን ውሃ ሞልቶት ሐይቅ ሆነ። በሐይቁም ውስጥ ደሴት አለ፤ በደሴቱም ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወሊሶ በኩል ለሚሄድ ሰው መንገዱ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሰበታ ለሚነሣ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ የመናገሻ ሰው ደሴት በደጁ አለው ብንል ማጋነን አይሆንም። የሰበታ ሰው በወሊሶ መንገድ፥ የቡራዩ ሰው በአምቦ መንገድ ይደርሳል። የሱሉልታ ሰው ግን እንጦጦን ተሻግሮ የሚመጣ ስለ ሆነ ከሁሉም አስቀድሞ መነሣት ይገባዋል።

ስለ ጣና ደሴቶች አንድ ነገር በዚሁ ላስታውስ። እንደ ክብራን ገብርኤልና እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ገዳማት ሴቶች አይገቡም። ሚስቱንና ሴት ልጁን ይዞ ያን ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቀው በወደቡ ላይ ከሚነሣው ቅሬታ ይድናል። የወንጪው ቂርቆስ ግን ለቤተ ሰቡ ሁሉ ክፍት ነው።

ራስን መርቶ መሄድ የምለውም ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. ቶማስ ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ ብዙ ሰዎችን በአንድ ባቡር አሳፍሮ ከሌስተር ከተማ ወደ ላፍበራ ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሰብስቦ አገር ማሳየት ታላቅ ንግድ ሆነ። የወሰዳቸውም የመጠጥን ጐጂነት ወደሚያስተምር ስብሰባ ነበር፤ በዛሬው የማኅበር ጉዞ ግን መጠጥ የሚረሳ አይመስለኝም። እኔ ይህን ንግድ አልነቅፍም፤ አገሩን ለማያውቅና ቋንቋውን ለማይናገር እንግዳ ይጠቅማል። ነገር ግን መሪ ከፊት ሲሄድ ተከታዩ አብዝቶ የሚያየው የመሪውን ጀርባ ነው። ልጆችም መቼ እንደሚነሡ፥ ምን እንደሚበሉ፥ የት እንደሚቆሙ ሌላ ሰው ሲያስብላቸው ከዋሉ፥ አገሩን አዩ ከማለት በአገሩ ውስጥ ተጭነው አለፉ ማለት ይቀላል።

እንግዲህ እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ቀኑ ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የሄድነውም አምስት ሰዎች ነን፤ በዚያ ጊዜ 71 ዓመት የሆናት እናቴ፥ ባለቤቴ፥ የ15 ዓመት ሴት ልጃችን፥ የ11 ዓመት ወንድ ልጃችንና እኔ። እናቴ ለዚህ ጉዞ የራስዋ ምክንያት ነበራት። ታናሽ ወንድሜ ገና ሕፃን ሳለ እጅግ ታሞ ስለ ነበር፥ ልጅዋ ቢድንላት በወንጪ ቂርቆስ ደጅ ጧፍና ዕጣን ልታቀርብ ተስላ ነበር። ሕፃኑ ዳነ። ስለቱ ግን መንገዱ ሩቅ፥ ኑሮውም ጠባብ ስለ ነበረ ከዓመት ዓመት ሲተላለፍ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። «በአዲስ አበባም ቂርቆስ አለ» ብለን ብንነግራት «የተሳልሁት ለወንጪው ነው» ትለን ነበር። ጕልበትዋም በየክረምቱ እየደከመ ስለ ሄደ፥ ይህ ቀን ካመለጠ ሌላ ቀን መገኘቱ አጠራጠረን። ያ ሕፃን አድጎ መኪና ገዝቷል፤ የተጓዝንባትም መኪና የእርሱ ነበረች። እርሱ ራሱ የሥራ ተረኛ ሆኖ ቀረ።

በዋዜማው ማታ እራት ከተነሣ በኋላ ተቀምጠን ሥራ ተከፋፈልን። ሴት ልጃችን ሰዓት መጠበቅና መንገድ መጠየቅ ደረሳት። ወንድ ልጃችን ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ የወጣውን ሁሉ በደብተር እንዲጽፍም ታዘዘ። ስንቅና ልብስ በባለቤቴ እጅ ሆነ። ለእናቴ ደግሞ «ደከመኝ» የማለት ሥልጣን ተሰጣት፤ ይኸውም እርስዋ ደከመኝ ባለች ጊዜ ማንም ሳያጕረመርም ሁሉም ይቆማል ማለት ነው። ለእኔ መኪና መንዳት ብቻ ተረፈኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ትእዛዝ በመዝገብ ሲጽፍ የኖረ ጸሐፊ በ15 ዓመት ልጅ ትእዛዝ መኪና ሲያስነሣና ሲያቆም መዋሉ ለቤተ ሰቡ ትልቅ ሣቅ ሆኖ ነበር፤ ለእኔም ዕረፍት ሆነልኝ።

ከሰበታ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። በስተ ቀኛችን የወጨጫ ተራራ ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። በወጨጫ ጐን ያለው የሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዓመት ንጉሠ ነገሥት ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ወንድ ልጃችን ይህን ሲሰማ «ንጉሥም ዛፍ ይተክላል?» ብሎ ጠየቀ፤ እናቴም «ያልተከለ ንጉሥ ምኑን ይነግሣል?» ብላ መለሰችለት።

በበቾ ሜዳ ሳለን ፀሐይ ወጣ። ይህን ሜዳ በክረምት ያየ ሰው ሐይቅ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ጥቁሩ አፈር ውሃውን ይዞ ስለሚያስቀር ማሳው ይተኛበታል። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው ርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። እኛ ስናልፍ የጤፉ ክምር በየአውድማው ዙሪያ ቆሞ ነበር። አዋሽንም በዚሁ ተሻገርን። ልጃችን የትምህርት ቤት ካርታዋን አውጥታ፥ አዋሽ ከዚህ ተነሥቶ ያን ሁሉ አገር ከዞረ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር ለወንድምዋ አሳየችው። ልጁም መኪናው ከድልድዩ እስኪርቅ ድረስ ወደ ኋላ ዞሮ ይመለከተው ነበር። ማታ ስንመለስ በጊንጪ በኩል ይኸንኑ አዋሽ ከምንጩ አቅራቢያ ገና ቀጭን ሳለ እንደምናገኘው ስትነግረው ግን አላመናትም።

በወሊሶ ሻይ ጠጣን፤ ገንዘብ ያዡም የመጀመሪያውን መስመር ጻፈ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ያን ጊዜ ጠጠርና አቧራ ነበር። ዳገቱን በወጣን ቍጥር ብርዱ እየጨመረ ሄደ፤ በየቤቱም ጓሮ እንሰት ይታያል። ከተራራው ከንፈር ስንደርስ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ሆነን ነበር። በዚያ ቆመን ቁልቁል ብናይ ሐይቁ ከሥራችን በተራራ ተከቦ ተኝቷል፤ ደሴቱም ዛፍ ለብሶ በውሃው ላይ ተቀምጧል። ማንም ሰው ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። ይህን ዝምታ የሚያቋርጥ መሪ አለመኖሩን በልቤ አመሰገንሁ።

ዝምታውን ያቋረጡት ፈረሰኞች ናቸው። ፈረስ የሚያከራዩ ጐልማሶች ወደ እኛ መጡ፤ ነገር ግን እንደ ፈራነው አልተሻሙብንም። ተራው የማን እንደ ሆነ በደብተር ተጽፎ ይጠበቅ ነበር። የሥራ ጠባዬ ሆኖ ጠጋ ብዬ ደብተሩን አየሁት፤ መስመሩ የተሰመረ፥ ስሙና ቀኑ የተጻፈ፥ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነበር። እንደዚህ ያለ መዝገብ በየመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቢገኝ ብዙ ባለ ጉዳይ በጊዜው ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ራስን መርቶ መሄድ ማለት የአገሩን ሰው አለመቅጠር ማለት አይደለም። አንዳንድ ሰው «እኔ በራሴ እችላለሁ» እያለ ለፈረሱም ለጀልባውም ላለመክፈል ይከራከራል፤ ይህ ራስን መምራት ሳይሆን ቍጥብነት ነው። ፈረሰኛውን የምንቀጥረው ስለ ፈረሱና መንገዱን ስለማወቁ ነው። ዓይናችንንና ሰዓታችንን ግን ለራሳችን እናስቀራለን።

እናቴ ወደ ተረኛው ጐልማሳ ቀረብ ብላ በኦሮምኛ «አከም ቡልቴ፥ ልጄ» አለችው። እርሱም ባርኔጣውን አውልቆ መለሰላት፤ ስለ ከብቱ፥ ስለ አዝመራው፥ ስለ እናቱ ጤና ተጠያየቁ። ሴት ልጃችን ቋንቋውን በትምህርት ቤት ስለ ተማረች አስተርጓሚ ሆነችን። እኔ በቤተ ክህነት ግእዝ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ብማርም በዚያ ተራራ ላይ ሁለቱም አላገለገሉኝም፤ የቤተ ሰቡ ሊቃውንት አያትና የልጅ ልጅ ነበሩ።

የፈረሱ ነገር ሲነሣ ግን እናቴ እንቢ አለች። «ስለት በእግር ነው እንጂ በፈረስ አይደርስም» ብላ ቆመች። ባለቤቴና እኔ ስለ ጕልበትዋ ብንለምናት አልሰማችንም። ልጁ ይህን ሁሉ በጸጥታ ካዳመጠ በኋላ እንዲህ አላት። «እናቴ፥ ቁልቁለቱን ፈረሱ ራሱ ይፈራዋል፤ ሰው የሚጫነው ሲመለስ በዳገቱ ነው። እርስዎ ቀስ ብለው በእግርዎ ይውረዱ፤ ስለትዎን ያድርሱ፤ ሲመለሱ ግን ስለቱ ደርሷልና ፈረሱ ላይ ይቀመጣሉ።» እናቴ ጥቂት አሰበችና «ይኸ ልጅ ፍርድ ያውቃል» አለች። እኔም በችሎት አጠገብ ስኖር ሁለቱን ወገን በእንዲህ ያለ አጭር ቃል ያስማማ ብይን ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

ቁልቁለቱ ለወጣት አንድ ሰዓት የማይሞላ ሲሆን ለእኛ ከዚያ በላይ ፈጀብን። እናቴ በሥልጣንዋ ስድስት ጊዜ አቆመችን። በቆምንበት ሁሉ ግን የምናየው ነገር አላጣንም፤ አንድ ጊዜ የአስታ ቍጥቋጦ፥ አንድ ጊዜ ኮሶ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ በገብስ ማሳ ዳር ቆመው ሰላምታ የሚሰጡን ልጆች። ልጃችን ሰዓትዋን እያየች «በዕቅዱ መሠረት ዘግይተናል» ስትል፥ አያትዋ «ዕቅዱ የማን ነው?» አለቻት። የእኛ እንደ ሆነ በታወቀ ጊዜ ደብተሩ ተከድኖ ቦርሳ ገባ።

ከሐይቁ ዳር የሚቀዘፍ ጀልባ አገኘን። ባለቤቴ ከመሳፈራችን በፊት «ስንት ሰው ይይዛል?» ብላ ጠየቀች። ሌሎች ሦስት እንግዶችም አብረውን ሊገቡ ፈልገው ነበር፤ እርስዋ ግን ቍጥሩን ሰምታ እነርሱ በሚቀጥለው ጀልባ እንዲመጡ በትሕትና ለመነቻቸው፤ ቀዛፊውም ተስማማ። ለልጆች በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደሪያ መኖሩንም ጠይቃ አለበሰቻቸው። የተራራ ሐይቅ ውሃው እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ዋና የሚያውቅ ሰው እንኳ በድንገት ቢወድቅበት ብርዱ ትንፋሹን ይነጥቀዋል። በጀልባ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣትንም ያ ቀዛፊ አጥብቆ ይከለክል ነበር፤ መልካም አደረገ።

ደሴቱ ጸጥ ያለ ነው። ካህኑ ተቀበሉን፤ ጫማችንን አውልቀን፥ ሴቶቹም ነጠላቸውን አጣፍተው ተሳለሙ። እናቴ ከሰበታ በመሶብ ወርቅ ጠቅልላ ያመጣችውን ጧፍና ዕጣን አስረከበች፤ የታናሽ ወንድሜንም ስመ ክርስትና ነገረቻቸው። ከዚያም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ልጆቹ ወደ እርስዋ ሊሄዱ ሲሉ ባለቤቴ በዓይንዋ ከለከለቻቸው። እኔም ያን ጊዜ የቂርቆስንና የእናቱን የኢየሉጣን ታሪክ እነግራቸው ጀመር። ሕፃኑ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋራ ወደ እሳት በቀረበ ጊዜ እናቱ እንደ ፈራች፥ እርሱም እንዳጽናናት ተጽፏል። ወንድ ልጃችን «የሦስት ዓመት ልጅ እንዴት ያን ያህል ይናገራል?» ሲል፥ እናቴ ከተቀመጠችበት ሰምታ ኖሮ «አንተም በሦስት ዓመትህ ዝም ያልህበት ቀን አልነበረም» አለችው። ስቀን ስናበቃ እጅዋን ይዘን አነሣናት። «ቀለለኝ» አለች፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ከደሴቱ ስንመለስ ሰዓቱ አምስት ተኩል ነበር። ከሐይቁ ወዲያ በሸለቆው ውስጥ ፍል ውሃና የውሃ ወፍጮ አለ፤ ወንድ ልጃችን ወደዚያ እንድንሄድ አጥብቆ ፈለገ። እናቴ ግን ደክማለች። ነገሩን በድምፅ ወሰንን፤ ሦስት ለሁለት ሆኖ በሐይቁ ዳር መቀመጥ አሸነፈ። ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቍላል በላን፤ ለፈረሰኛውና ለቀዛፊውም አካፈልን። በማኅበር ጉዞ ቢሆን ኖሮ ፍል ውሃው በፕሮግራም ውስጥ ስለ ተጻፈ እናቴም ደክማ፥ እኛም ተሳቅቀን በሄድን ነበር። ልጁ ለጊዜው አኵርፎ ነበር፤ ነገር ግን ቀዛፊው መቅዘፊያውን ቢሰጠውና ከዳር ሳይርቅ ቢያለማምደው ፍል ውሃውን ረሳው።

በዳገቱ እናቴ እንደ ውሉ ፈረሱ ላይ ተቀመጠች። ጐልማሳው ልጓሙን ይዞ ሲሄድ ከሴት ልጃችን ጋራ ስለ ትምህርት ተጫወቱ። ተማሪ ነበር፤ በቅዳሜና በእሑድ ተራው ሲደርሰው የሚያገኘው ገንዘብ ለደብተሩና ለልብሱ እንደሚሆን፥ ዝናም በበዛበት ወራት ግን እንግዳ ስለማይመጣ ፈረሱ እንደሚቦዝን ነገራት።

የመመለሻችን መንገድ በአምቦ ነበር። እስከ አምቦ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ከፍታ የአዋሽ፥ የዓባይና የጊቤ ውኆች የሚለያዩበት ስለ ሆነ፥ በጥቂት ርቀት ልዩነት የወደቀ የዝናም ጠብታ አንዱ ወደ ግብፅ፥ አንዱ ወደ ቱርካና ሐይቅ፥ አንዱ ወደ አፋር ይሄዳል። በአምቦ ከስሙ ጋራ የታወቀውን ውሃ ጠጣን። በጊንጪም አዋሽን ገና ቀጭን ሆኖ አገኘነው፤ ልጁም እኅቱን አመናት። በአዲስ ዓለም ስናልፍ፥ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ ከተማቸውን ወደዚያ ለማዛወር ጀምረው ኋላ እንደ ተዉት፥ ለአዲስ አበባ መቅረትም ባሕር ዛፍ አንድ ምክንያት እንደ ሆነ አወሳን፤ የማገዶ ችግር ከተማውን ሊያስለቅቅ ደርሶ ነበርና። ሆለታ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሌሊት ከሰበታ በኩል ያየነው ወጨጫ አሁን በሌላው ጐኑ ቀይ ብርሃን ለብሶ ታየን። ተራራውን ዞርነው ማለት ነው፤ መናገሻን በስተ ግራና በስተ ቀኝ አይተን በቡራዩ በኩል ገባን።

በዚያ ማታ ወንድ ልጃችን ሒሳቡን ዘግቶ አመጣልኝ። ዋጋ ከዓመት ዓመት ስለሚለወጥ ቍጥሩን እዚህ መጻፍ አይጠቅምም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሊታወቅ ይገባል። ከሁሉ የበለጠው ለቤንዚን የወጣው ነበር። ቀጥሎ በመንገድ ላይ ለሻይና ለምግብ የከፈልነው ነው። የመጨረሻውና ከሁሉ ያነሰው መስመር ፈረሱ፥ ጀልባውና መግቢያው ነበር። ልጁም «አባባ፥ የሄድነው ወደ ወንጪ አይደለም እንዴ? ታዲያ ለወንጪ ሰዎች የደረሳቸው ለምን ከሁሉ አነሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ከብዙ ታላላቅ ሰዎች ስብሰባ አልሰማሁትም።

ጥያቄው ዛሬ ከዚያን ጊዜ ይልቅ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራ ጎርጎራ፥ ኮይሻና ወንጪ እንዲለሙ ታወጀ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን በምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2016 ዓ.ም. የተዋበ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶ ተከፈተ፤ መንገዱም ተሻሻለ። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው፤ የእናቴ ዓይነት ሰው ዛሬ ያን ሁሉ አቧራ ሳትጠጣ ትደርሳለች። ነገር ግን እንግዳ ከመኪናው ወርዶ ወደ ሰገነት፥ ከሰገነት ወደ ምሳ፥ ከምሳም ወደ መኪናው የሚመለስ ከሆነ፥ ሐይቁን ከላይ አይቶ ሄደ እንጂ ደሴቱን አላየም፤ የፈረሰኛውም ተራ አልደረሰም። ስለዚህ አቅም ያላችሁ በማረፊያው እደሩ፥ ብሉ፥ ጠጡ፤ ወደ ውሃው ግን ውረዱ፤ በጀልባውም ተሻገሩ። በቤታችሁም የወጪ ደብተር የሚይዝ ልጅ ካለ፥ የአገሩን ሰው ድርሻ በአንድ ገጽ ለብቻው ይጻፍ።

ለመሄድ የሚያስቡ ጥቂት ነገር ይያዙ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ሐይቁን ይጋርደዋል፥ ጭቃውም ያንሸራትታል። ቦታው ከፍተኛ ስለ ሆነ የልብና የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ወፍራም ልብስና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል፤ ዝርዝር ገንዘብም መያዝ ይገባል፤ ቀዛፊ በሐይቅ መካከል መልስ የሚያገኝበት ሱቅ የለውምና። በእነዚህ ዓመታት በአንዳንድ ወረዳ መንገዱ የማይታመንበት ጊዜ ስለሚያጋጥም፥ በዋዜማው በወሊሶና በአምቦ ያለውን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ሳይመሽም ግቡ። ጥርጣሬ ካለ ቀኑን መለወጥ ይሻላል። በቂርቆስ በዓል ቀን፥ ይኸውም ጥር 15 ወይም ሐምሌ 19፥ የሚሄድ ሰው ብዙ ምእመናን እንደሚያገኝ ይወቅ፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሌላ ቀን ይምረጥ።

ያ ወዳጄ ይህን ካነበበ በኋላ «ለአንድ ቀንም ይበዛብኛል፤ እናቴ ዳገት አትወጣም» ይለኝ ይሆናል። ለእርሱና ለመሰሎቹ በሚመጣው ሳምንት ከሰበታ ብዙ ስለማይርቀው ስለ ሱባ ደን፥ በውስጡም ስለሚታዩት የምኒልክ ድኩላና ጕሬዛ እጽፋለሁ። ወደ ዝዋይ ደሴቶች ቤተ ሰቡን ይዞ በራሱ የሄደ አንባቢ ካለ፥ ስለ ጀልባው ሁኔታና በስንት ሰዓት እንደ ተመለሰ ቢጽፍልኝ በዚህ ዓምድ ላወጣለት ዝግጁ ነኝ።